የልባችን የላይኛ ክፍሎች፦ ደም በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

ዛሬ በዚህ ገጻችን ስለ ልብ እናወጋለን። ልብ ሲባል ታዲያ ቶሎ ወደ ፍቅር እንዳትሮጡብኝ! የምናወራው በደረታችሁ መሀል ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ስለተቀመጠው፣ የጨበጣችሁትን እጅ ስለሚያህለው ጡንቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሙሉውን አይደለም። ለፈተና ስናጠና "ደም የሚቀበሉ" ብለን በአንድ መስመር የምናልፋቸውን ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ብቻ ነው የምናየው።

ለምን እነሱን መረጥሽ ካላችሁኝ ምክንያት አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደወል ሲደወል ሁላችንም ተንጋግተን ደረጃውን ስንወጣ አንዲት ጓደኛችን ሁልጊዜ አንደኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ይዛ ትቆማለች። "ሂዱ፣ ሂዱ፣ እኔ እመጣለሁ" ትለናለች። እኛም ትተናት እንሄዳለን። የስፖርት መምህራችን ሰነፍ ናት ብለው ደምድመዋል። እናቷ አስም ነው ብለው ጥቁር አዝሙድ በማር ያበሏት ነበር። እኛ ጓደኞቿስ? ሳላፍር ልንገራችሁ፤ "አካባጅ" ነበር የምንላት።

ኋላ ሲታወቅ ችግሩ ስንፍናም አስምም አልነበረም። ከግራው የላይኛ የልብ ክፍል ሥር ያለች አንዲት በር ጠብባ ነው። የዚህችን በር ነገር እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን መንገዱን እንወቅ።

ሁለቱ መናኸሪያዎች

ልብ አራት ክፍሎች እንዳሉት ታውቃላችሁ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የላይኞቹ በመጽሐፋችሁ ኤትሪየም ይባላሉ። የድሮ መጻሕፍት ኦሪክል ይሏቸው ነበር። ኤትሪየም በላቲን የሮማውያን ቤት የፊት አዳራሽ ነው፤ እንግዳ ወደ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት የሚያርፍበት። እኔ ግን መናኸሪያ ብላቸው ይቀለኛል። ከየአገሩ የመጣ ደም ለጥቂት ቅጽበት ያርፍባቸዋል፤ ከዚያ ተጭኖ ወደ ታች ይሄዳል። የታችኞቹ፣ ማለትም ቬንትሪክሎች፣ ደሙን ገፍተው የሚልኩት ናቸው። ስለዚህም ግድግዳቸው ይለያያል። የላይኞቹ ግድግዳ ስስ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የግራው ቬንትሪክል ግድግዳ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህላል። አንደኛው ደም ወደ ጎረቤት ያሳልፋል፤ ሌላው እስከ እግር ጣት ድረስ ይልካል።

በቀኙ መናኸሪያ እንጀምር። ደም ወደዚህ የሚገባው በሦስት አቅጣጫ ነው። ከራስና ከእጅ የተሰበሰበው በላይኛው ቬና ካቫ በሚባለው ታላቅ ደም መልስ ከላይ ይወርዳል። ከሆድና ከእግር የተሰበሰበው በታችኛው ቬና ካቫ ከታች ይወጣል። ሦስተኛውን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል፤ ልብ ራሱ ጡንቻ ስለሆነ እሱም ደም ይመገባል፣ የተጠቀመበትንም ደም በአንዲት ትንሽ መግቢያ እዚያው ቀኝ ክፍል ውስጥ ያፈሳል። መምህራችሁ "ስንት መግቢያ?" ብለው ከጠየቁ ሦስት ብላችሁ አስደንግጧቸው።

ይህን ደም መጽሐፍ ላይ በሰማያዊ ቀለም ስለሚስሉት እውነት ሰማያዊ የሚመስለው ልጅ አይጠፋም። አይደለም፤ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። "ኦክስጅን የሌለው ደም" የሚለውም አባባል ሰውን ያሳስታል። አርፋችሁ በተቀመጣችሁበት ሰዓት ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መሸከም ከሚችለው ኦክስጅን ሦስት አራተኛ ያህሉን እንደያዘ ነው። የቀረው ለክፉ ቀን፣ ለሩጫ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው በሉት።

አሁን አንድ ጥያቄ። ደሙ ከእግር ጣት ተነስቶ ሽቅብ ሲመለስ ማን ይገፋዋል? የግራው ቬንትሪክል ደምን ሲረጭ ግፊቱ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ደሙ አካልን ሁሉ ዞሮ ቀኙ መናኸሪያ ሲደርስ ግን ግፊቱ ከ2 እስከ 6 ብቻ ነው የሚቀረው፤ ደክሞት ነው የሚገባው። ስለዚህ በመንገዱ ረዳት ያስፈልገዋል። አንደኛው የባታችሁ ጡንቻ ነው። በተራመዳችሁ ቁጥር ደም መልሶችን ይጨምቃቸዋል፤ በውስጣቸው ያሉት ትንንሽ ክዳኖችም ደሙ ቁልቁል እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሁለተኛው ትንፋሻችሁ ነው። አየር ወደ ውስጥ ስትስቡ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ያኔ ደምም አብሮ ይሳባል።

የሰልፍ ላይ ራስ መሳት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ፀሐይ ላይ ቀጥ ብሎ ብዙ የቆመ ልጅ ድንገት ዘፍ ሲል አይታችሁ አታውቁም? ባቱ ስላልተንቀሳቀሰ ደም እግሩ ላይ ተጠራቅሞ፣ ወደ ቀኙ ክፍል የሚመለሰው አንሶ፣ ወደ አንጎል የሚሄደውም አንሶ ነው። እኛ ታዲያ ተሯሩጠን ክብሪት እናሸታለን፣ ከበን አየር እናሳጣዋለን። ይልቅ በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ራሳችሁም ብዙ የምትቆሙ ከሆነ ባታችሁን ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጋችሁ ቁሙ።

እስቲ በእጃችሁ ሞክሩት

ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቁጭ በሉና አንድ እጃችሁን ወደ ታች ለቃችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በእጃችሁ ጀርባ ላይ ያሉት ደም መልሶች ያብጣሉ። አሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱት። ደረታችሁን አለፍ ሲል ያበጡት ሥሮች ቀስ በቀስ ይሟሽሻሉ። ደሙ ወደ ቀኙ መናኸሪያ ቁልቁል ስለፈሰሰ ነው። ሥሮቹ የሟሸሹበት ከፍታ የቀኙ የላይኛ ክፍል ያለበትን ቦታ በግምት ይነግራችኋል። ጥንት ሐኪሞች መሣሪያ ሳይኖራቸው በሽተኛውን እንዲህ ይመረምሩት ነበር። እጁን ከፍ አድርጎም ሥሩ ካልሟሸሸ በቀኙ ክፍል ያለው ግፊት ከልክ አልፏል ማለት ነው።

ታክሲና ወያላ

ደሙ ገባ እንበል። ከቀኙ ላይኛ ክፍል ወደ ቀኙ ታችኛ ክፍል የሚያልፍበት በር ባለ ሦስት ቅጠል ነው፤ ትራይከስፒድ ይባላል። ብዙ ሰው የላይኛው ክፍል ተጨምቆ ደሙን ሁሉ ወደ ታች የሚያወርደው ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር ያጠናሁት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የታችኛው ክፍል ጨምቆ ጨርሶ ሲላላ በሩ ይከፈታል፤ ደሙም ማንም ሳይገፋው በራሱ ይወርዳል። ከሚያልፈው ደም ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የሚወርደው በዚህ መልክ ነው። የላይኛው ክፍል የሚጨመቀው መጨረሻ ላይ፣ ቀሪዋን ለማስገባት ነው።

ታክሲ ተራ ያለውን አስቡት። ሚኒባሱ በሩን ከፍቶ ሲቆም ሰው በራሱ ገብቶ ይሞላል። ሞልቶ ሊሄድ ሲል ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው!" ብሎ ሁለት ሦስት ሰው ይጨምራል። የላይኛው የልብ ክፍል ጭምቂያ የወያላው ሥራ ነው። አርፋችሁ ስትቀመጡ ያን ያህል አይታወቅም፤ ያለ ወያላም ታክሲው ይሄዳል። ስትሮጡ፣ ደረጃ ስትወጡ ግን ያቺ ጭማሪ ትፈለጋለች።

ወያላውና ሹፌሩ መግባባት አለባቸው። ሰው እየገባ መኪናው ቢነሳ ጉድ ይፈላል! ይህን የሚያስተካክለው ኤሌክትሪክ ነው። በቀኙ ላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ የላይኛው ቬና ካቫ ከሚገባበት አጠገብ፣ ሳይኖኤትሪያል ኖድ የምትባል ትንሽ የሴሎች ስብስብ አለች። አርፎ ለተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ምልክት የምትሰጠው እሷ ናት። ደህና የሠለጠኑ አትሌቶች ግን ከ60 በታችም ይወርዳሉ። ምልክቱ በመጀመሪያ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ያዳርሳል። ከዚያ ወደ ታች በሚወስደው መግቢያ ላይ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይዘገያል። ያቺ መዘግየት ወያላው በሩን እስኪዘጋ ማለት ናት።

ግራው መናኸሪያ

ከቀኙ ታችኛ ክፍል የወጣው ደም ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ይሄዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ፣ ኦክስጅን ጭኖ፣ ደማቅ ቀይ ሆኖ ወደ ግራው ላይኛ ክፍል ይመለሳል። በአብዛኛው ሰው ላይ ደሙን የሚያመጡት አራት ደም መልሶች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ሳንባ ሁለት ሁለት። እዚህ ላይ ፈተና አውጪዎች የሚወዷት ወጥመድ አለች፦ "በኦክስጅን የበለጸገ ደም የሚሸከም ደም መልስ የቱ ነው?" መልሱ የሳንባ ደም መልስ ነው። ደም መልስ የተባለው ወደ ልብ ስለሚመልስ እንጂ ስለ ቀለሙ አይደለም።

ይህን በሳንባ በኩል የሚዞር መንገድ ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጌለን ደም በልብ መሀል ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ከሺህ ዓመት በላይ ታምኖለታል። በ13ኛው መቶ ዓመት ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢብን አል ነፊስ ግን "ቀዳዳ የሚባል የለም፤ ደሙ በሳንባ ዞሮ ነው የሚመጣው" አለ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ሙሉውን ዑደት ያስረዳበትን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው።

የሚገርመው ግን ቀዳዳ የነበረበት ጊዜ አለ፤ ያውም በእያንዳንዳችን ልብ! ጌለን ባለበት ቦታ ሳይሆን በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መሀል። በእናታችሁ ማህፀን ሳላችሁ ሳንባችሁ አየር አይተነፍስም ነበር፤ ኦክስጅን የሚመጣው በእትብት ነው። ስለዚህ ብዙው ደም ወደ ሳንባ መዞር ሳያስፈልገው ከቀኙ ላይኛ ክፍል በአንዲት ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ግራው ያልፋል። ተወልዳችሁ የመጀመሪያዋን ለቅሶ ስታለቅሱ ሳንባ ይነፋል፣ በግራው በኩል ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ክዳኗም ተገፍታ ትለጠፋለች። ከአራት ሰው በአንዱ ሙሉ በሙሉ ሳትጣበቅ ትቀራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቀው ይኖራል። ጠባሳዋ ግን በሁላችንም ልብ ውስጥ አለ። ይህችን ጠባሳ ያዙልኝ፤ እንፈልጋታለን።

የጓደኛችን በር

ከግራው ላይኛ ክፍል ወደ ታች የሚያወርደው በር ባለ ሁለት ቅጠል ነው፤ ማይትራል ይባላል። በጤነኛ ጎልማሳ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ብላችሁ ገምቱት። የጓደኛችን ግን የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ነበር።

ታዲያ ለምን ደረጃ ላይ? ተቀምጣ ስትማር ልቧ ቀስ ብሎ ስለሚመታ በምትና በምት መሀል ያለው ጊዜ ረዘም ይላል፤ በጠባብዋም በር ቢሆን ደሙ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደረጃ ስትወጣ ልብ ይፈጥናል። ልብ ሲፈጥን የሚያጥረው በዋናነት የመሙያው ጊዜ ነው። በሩ ጠባብ፣ ጊዜው አጭር፣ ከሳንባ የሚመጣው ደም ግን የበዛ። መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ግፊቱ ወደ ኋላ፣ በአራቱ ደም መልሶች ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሳንባ ውኃ ያዝላል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ከውጭ የሚያይ ሰው አስም ቢለው ምን ይደንቃል? ሲብስ ደግሞ ተጋድሞ መተኛት ያቅታል፣ ሌሊት ሳል ያስነሳል። ግራው ክፍል ለዓመታት ሲጨናነቅ እየሰፋ ሄዶ ምቱ ሊቃወስ ይችላል፤ መጨመቁ ቀርቶ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ደም በጥጉ ቆሞ ይረጋል፤ የረጋው ተቆርሶ ወደ አንጎል ከሄደ ወጣት ሳይቀር ግማሽ አካሉ ሽባ ይሆናል። ሴት ልጅ ስታረግዝም የደሟ መጠን እስከ ግማሽ ስለሚጨምር በሽታው ሳይታወቅ ቆይቶ ያኔ ድንገት የሚገለጥባት አለች።

ደግነቱ አንዲት ሲስተር በጤና ጣቢያ ደረቷን አዳምጠው ዝም አላሉም። "ልጄ፣ ትንሽ ሳለሽ ጉልበትሽን ያብጥሽ ነበር?" ብለው ጠየቋት። "አዎ፣ አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ ቁርጭምጭሚቴን" አለች። "ከዚያ በፊትስ ጉሮሮሽን?" አሏት። እሱንስ ማን ያስታውሰዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ያሳምማል። ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ሩማቲክ ፊቨር ይመጣል። ሰውነት ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በሮች ይወጋል። የመገጣጠሚያው እብጠት ይድናል፤ የልቡ ጠባሳ ግን ይቀራል፤ በተደጋገመ ቁጥርም ይብሳል። በአገራችን በወጣትነት የልብ በር ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ተራ ፔኒሲሊን ነው። ጉሮሮ በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን ይከላከላል። እርግጥ ጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከባክቴሪያ አይደለም፤ ብዙው የቫይረስ ነው፤ ስለዚህ ከፋርማሲ በግምት ገዝታችሁ አትዋጡ። ትኩሳት ካለው፣ ለመዋጥ ካስቸገረ፣ አንገት ሥር እጢ ካበጠ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንጥል ማስቆረጥማ የልብን በር አያድንም፤ ጭራሽ ደም መፍሰስና ቁስል ያመጣል፤ ባልጸዳ ምላጭ ከተቆረጠም ኤች አይ ቪን የመሰለ ሌላ መዘዝ ያስከትላል።

በሩ አንዴ ከተጎዳስ? ጉዳቱ እንዳይደገም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በመርፌ ይወሰዳል፤ ለብዙ ዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ። መርፌው ታዲያ ፊታችሁ የተከፈተ፣ ለእናንተ ብቻ የሚውል መሆኑን እዩ። በጣም ለጠበበ በር ደግሞ ማስፊያ ዘዴ አለ። በአገራችን በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተሠራው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ልጆች ውጭ ሳይሄዱ ታክመዋል። ወረፋው ግን ረጅም ነው። ጓደኛችንም ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

የተደረገላትን ስትነግረን መጀመሪያ አላመንናትም ነበር። ደረቷ አልተከፈተም። ከብሽሽቷ ባለው ደም መልስ ቀጭን ቱቦ አስገቡ። ቱቦው በታችኛው ቬና ካቫ ሽቅብ ወጣ፤ ቀኙ ላይኛ ክፍል ገባ። ወደ ግራው እንዴት ይሻገር? ያዙልኝ ያልኳችሁ ጠባሳ! በማህፀን ሳለን ቀዳዳ የነበረችው ቦታ ስስ ስለሆነች በዚያች በመርፌ በስተው ተሻገሩ። ከዚያ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ፊኛ በጠባቡ በር መሀል አድርገው ነፏት፤ የተጣበቁት ቅጠሎች ተላቀቁ፤ ፊኛዋን አሟሽሸው አወጧት። ይህን ዘዴ የፈለሰፈው ካንጂ ኢኖዌ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚህ መልክ የማይስተካከል በር በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይቀየራል።

እሷ መርፌዋን አሁንም በየአራት ሳምንቱ ትወስዳለች፤ ቀኑን ደብተሯ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ነው የምትይዘው። ባለፈው ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ የምንፈልገው ቢሮ አራተኛ ፎቅ ነው። እኔ ሁለተኛው ላይ ብረቱን ይዤ ቆም ስል እሷ ከላይ ሆና አጎነበሰችና "ነይ እንጂ፣ አንቺ አካባጅ!" አለችኝ።